«ምን ተወሰደ?» አትበሉኝ

ሐምሌ ነበር። የሐምሌ ዝናብ የመርሳ ከተማን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር አጠገብ ያለ ሰው ቢጣራ አይሰማም። ሌባ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መብራት ከማታ ጀምሮ ጠፍቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ጋብ ሲል በጓሮ በኩል ካለው መስኮት እንጨት ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ዝም አለ። ደግሞ ሲጢጥ አለ። አይጥ አይደለም፤ ነፋስም አይደለም፤ ነፋስ ቆም ብሎ አያዳምጥም። የ9 ዓመት ልጄ ከጎኔ አጎበሩ ውስጥ ተኝታለች። አንድ እጄን አፏ ላይ አድርጌ በሌላው ስልኬን ስፈልግ በመስኮቱ ወንፊት በኩል የሰው ትንፋሽ ሰማሁ። ያን ትንፋሽ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ የጮህኩትን ጩኸት ግን አላስታውሰውም፤ የነገሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ጎረቤት ደረሰ። ዱላ ይዞ የወጣ አለ፣ ባትሪ ይዞ የወጣ አለ፤ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ በባዶ እግሯ ያን ጭቃ እየረገጠች የመጣች እናት አለች። ይህን ውለታ ሳላነሳ ቅሬታ አልጽፍም። ሲነጋ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ ሳይቀዳ ቤቴ በሰው ሞላ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ቀጥሎ ከሁሉም አፍ አንድ ጥያቄ ወጣ።

«ለመሆኑ ምን ወሰደ?»

«ምንም» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» «ተመስገን!» ሁሉም በየእምነቱ አመሰገነ። ፊቶች ፈኩ። ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ዞረ።

ለእነሱ አለቀ፤ ለእኔ ግን አላለቀልኝም። «ምንም አልተወሰደም» የሚለውን አነጋገር ከዚያ ቀን ወዲህ ጠልቼዋለሁ። ልጄ ከመሸ ወደ ጓሮው ክፍል ብቻዋን አትገባም። እኔ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። በአቅራቢያችን ላለው የጊራና ገበሬ በረከት የሆነው ዝናብ ለእኔ የሰው እግር ኮቴ መሸፈኛ ሆኗል። ይህን ያደረሰብን ሰው ነግቶለት፣ ፊቱን ታጥቦ፣ አስፋልት ዳር ሻይ ጠጥቷል፤ ምናልባትም ሰላም ብዬው አልፌያለሁ። እንቅልፌን ወስዶታል። ልጄ በገዛ ቤቷ የነበራትን ድፍረት ወስዶታል። እነዚህ በንብረት ዝርዝር ውስጥ የማይገቡት ለምንድን ነው?

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወጥቼ መስኮቱን አየሁት። ቤቱ የብሎኬት ነው፤ የመስኮቱ ፍሬም እንጨት ነው፤ ብረቱ አራት እግር አለው። ሁለቱ እግሮች ግድግዳው ውስጥ በኮንክሪት ተቀብረዋል፤ ሁለቱ እንጨቱ ላይ በምስማር ተመትተዋል። ከእኔ በፊት እዚህ ቤት ተከራይታ የኖረች ነርስ ነበረች፤ ሁለቱን እግሮች ያስቀበረችው እሷ ናት፣ በራሷ ደሞዝ። አራቱንም ለማስቀበር ገንዘቧ አልበቃም። ሌባው ዲጅኖውን በምስማሮቹ በኩል ሰክቶ ነቅሏቸዋል። በተቀበሩት በኩል ሲሞክር ግን እንቢ ብሎታል፤ ሌሊት የሰማሁት ሲጢጥታ ያ ነው። ወንፊቱ በፒንሳ ተቆርጧል። ከመስኮቱ ሥር ሁለት ብሎኬት ተደራርቧል። ብሎኬቶቹ ከእኔ ጓሮ የተገኙ አይደሉም፤ ከታች ካለው ጅምር ቤት የመጡ ናቸው። ሰውዬው መስኮቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ለክቷል ማለት ነው። ቀን መጥቶ ቆሞ አይቷል። ይህ ሰው በአጋጣሚ ያለፈ መንገደኛ አይደለም፤ የቤቴን ጀርባ ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ ሰው ነው። አሁን ደግሞ የትኞቹ እግሮች እንደላሉ፣ የትኞቹ እንደጠነከሩ፣ ስንት ሰው እንደሚደርስልኝ ጨምሮ አውቋል።

ፎቶ አንስቼ ለማመልከት ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው መዝገቡን ገለጠ፣ እስክሪብቶውን አነሳ።

«የተሰረቀው ንብረት ዝርዝር?»

«አልተሰረቀም። ሊሰርቅ ሲል ነው።»

እስክሪብቶው ወረደ። «እህቴ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? እንኳን እግዜር አተረፈሽ።»

ክፉ ሰው አይደለም። በደግነት ነው የሸኘኝ፤ ንዴቴን ያባሰውም ይኸው ደግነት ነው። ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበት ሕጉ ነግሮታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 27 ወንጀል ለመፈጸም አስቦ የጀመረ፣ ነገር ግን ከፍጻሜ ያላደረሰ ሰው በሙከራ ጥፋተኛ ነው ይላል። ቅጣቱም ለተሟላው ወንጀል የተደነገገው ነው፤ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ ወንጀልነቱን ግን አይፍቀውም። ሕጉ የሚጠይቀው ሰውዬው ምን ሊያደርግ እንደጀመረ ነው። እኛ ምን እንደጎደለ ብቻ እንጠይቃለን። የተነቀለ ምስማር፣ የተቆረጠ ወንፊት፣ የተደራረበ ብሎኬት በእጃችን ይዘን መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይውላል፤ ባዶ መዝገብ ደግሞ ሰፈሩ ሰላም ነው ማለት ነው። ሰፈሩ ሰላም ከሆነ ሌሊት በዚያ በኩል ማን ይዞራል?

በዚያ ቡና ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከእኔ በፊት፣ በዚያው ክረምት፣ በዚያው ረድፍ ሁለት ቤቶች ተሞክረዋል። በአንደኛው የመስታወቱ ስቱኮ ተፍቆ ተገኝቷል፤ በሌላው የመስኮቱ መቀርቀሪያ ተጣሟል። ሁለቱም «ምንም አልወሰደም» ብለው አመስግነው ዝም አሉ። እኔ ያን የሰማሁት የእኔ መስኮት ከተነቀለ በኋላ ነው! በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ሊነገረኝ የሚችል ነገር ሳይነገረኝ ቀርቶ ልጄን ይዤ በዚያ መስኮት ሥር ተኛሁ። እናንተ የምወዳችሁ ጎረቤቶቼ፣ በዱላችሁ ስለደረሳችሁልኝ እጃችሁን እስማለሁ። ዝምታችሁን ግን ይቅር ለማለት ተቸግሬያለሁ።

እንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል ውስጥ፣ ኪርክሆልት የሚባል ከ2,000 በላይ ቤቶች ያሉት የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሌባ መፈንጫው አድርጎት ነበር። አጥኚዎች ገብተው ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ይህ ነው፤ አንዴ የተደፈረ ቤት ዳግም የመደፈር ዕድሉ ካልተደፈረው በአራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሰፈሩን ሁሉ በአንዴ ለመጠበቅ አልሞከሩም። የተነካውን ቤት ወዲያው ይዘው በሩንና መስኮቱን አጠነከሩ፤ ሳንቲም የሚጠራቀምባቸውን ቆጣሪዎች አነሱ፤ ዙሪያውን ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶች ያን ቤት እንዲጠብቁ አደረጉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስርቆቱ ወደ ሩብ ወረደ። መርሳ ላይ ዙሪያዬን ስድስት ቤት ብቆጥር ሁሉንም በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ የልጆቻቸውንም ስም። ኪርክሆልት ደጅ ለደጅ እየዞረ የለመነውን እኛ ስንወለድ ጀምሮ አለን። የጎደለን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፤ «ትናንት ሌሊት የእኔን መስኮት ሞክረውታል፤ ያንተን እይ።»

አያቶቻችን ይህን አያጡትም ነበር። ሌባውን ዛሬም «ሰርሳሪ» የምንለው የጭቃ ግድግዳ እየሰረሰረ ይገባ ስለነበር ነው። ቤት ሲሰረሰር አውጫጭኝ ይጠራል፤ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም። አውጫጭኝ ተመልሶ ይምጣ አልልም፤ ንጹሕ ሰው ብዙ ተንገላቶበታል። ሌባ ሻይ እየተባለ ልጅ በመድኃኒት አስክሮ፣ ሄዶ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ማለትማ እንኳን ቀረ። ግን እነዚያ ሰዎች የአንድ ግድግዳ መሰርሰር የሁሉም ጉዳይ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ይህ ዝምታ ከየት መጣብን? እኔ የማስበውን እናገራለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ነሐሴ 2013 ወልድያ ስትያዝ፣ መርሳም ስትያዝ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ የሆነውን የማያስታውስ የለም። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ የግለሰብ ቤት ተዘረፈ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር የደረሰውን ግፍ ሲዘረዝር ዘረፋውንም መዝግቦታል። እናቴ ወልድያ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ያገኘችው የተሰበረ በርና ባዶ ክፍል ነው። መሬት ላይ የወደቀ አንድ ረከቦት አንስታ «ይኸም ተርፏል» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እኛ የምንቆጥረው የተረፈውን ሆነ። ሁሉን ያጣ ሰው ያልተወሰደበትን ነገር ሁሉ እንደ ስጦታ ይቀበላል። ሐዘኑ ይገባኛል፤ የእኔም ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ያስተማረን ይህ ትሕትና ዛሬ ለአንድ ዲጅኖ ለያዘ ጎረምሳ መከታ ሆኖታል።

«ያኔ የመስኮት ብረት ምን አደረገ?» የሚሉኝ አሉ። ምንም አላደረገም። ጠመንጃ ለያዘ ጦር ብረት መልስ አይደለም። ጓሮ ለጓሮ ለሚሄድ፣ ድምፅ ለሚፈራ፣ ደቂቃ ለሚቆጥር ሰው ግን መልስ ነው። አውሮፓውያን መስኮት የሚፈትኑት በደቂቃ ነው፤ ካቻቢቴና ሽብልቅ የያዘን ሰው ሦስት ደቂቃ ያቆመ መስኮት በደረጃቸው ሁለተኛውን ማዕረግ ያገኛል። ሦስት ደቂቃ ብቻ! በእኛ ሰፈር ግን ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው፤ ጩኸት ተሰምቶ፣ ሰው ነቅቶ፣ ዱላ አንስቶ ይደርሳል። ብረቱ ሌባን ለዘላለም እንዲያስቀር አይጠበቅበትም፤ ሰው እስኪደርስ ማቆየት ነው ሥራው። የእኔ ሁለት የተቀበሩ እግሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ መስኮታችን ለምን በምስማር ብቻ ይሠራል? ከወልድያ እስከ ውርጌሳ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚሠራውን አዲስ ቤት እዩ። ገንዘቡ የሚያልቀው የግቢ በር ላይ ነው፤ ወፍራም ላሜራ፣ የተበየደ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም። ዞር ብላችሁ ጓሮውን ስታዩ መስኮቱ በሁለት ምስማር የቆመ ጣውላ ነው። ሌባ በአበባው በኩል አይመጣም። ብየዳ ቤት ሄጄ ስጠይቅ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀጭን ቱቦላሬ በልብ ቅርጽ የተጠማዘዘ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የመኪና ክሪክ በመካከሉ ገብቶ ሲወጠር እንደ ሸምበቆ ይታጠፋል። 12 ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት ስጠይቅ በያጁ «አያምርም» አለኝ። ስለ ውበቱ አይደለም የመጣሁት! በብረትና በብረት መካከል ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ አግድም ማሰሪያው በሁለት ቦታ፣ አራቱም እግር ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ውስጥ። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ቀዳዳ ነው፤ የመስኮቱ ዳርና ዳር በኮንክሪት ካልተሞላ እግሩ የተቀበረው አየር ውስጥ ነው። ይህን ግንበኛው ያውቃል። ሁለት ባልዲ ኮንክሪት ለማትረፍ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ልስኑ ሲያምርለት አይጠይቅም። ማጠፊያው ወደ ውጭ ከሆነ ፒኑ ከላይ ተመትቶ ይወጣል፤ ጫፉን በአንድ ነጥብ ብየዳ ማስያዝ የደቂቃ ሥራ ነው። በብሎን የታሰረ ብረት ሌባው ካቻቢቴ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ብረት ነው።

አሁን ወደ አከራዮች ልምጣ፤ ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። የእኔን አከራይ አክብሬ፣ አንቱ ብዬ ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ ሁለቱን እግሮች ያስቀብሩልኝ።» የመለሱልኝ ይህን ነው፤ «ብረቱ እኮ ያዘ፣ ልጄ። ከፈለግሽ አሠሪ፤ ስትወጪ ግን ነቅለሽ አትሄጂም።» የመርሳ መምህር፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሲሪንቃ ምርምር ማእከል እየተመላለሰ የሚሠራ ወጣት፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት የሚኖረው በሰው መስኮት ሥር ነው። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ስለ ዋጋ ጭማሪና ስለ ውል ዘመን ደንግጓል። የእኔን ውል አውጥቼ አነበብኩት፤ ቀለም እንዳላበላሽ፣ ውኃ እንዳላባክን፣ እንግዳ እንዳላበዛ ይላል። ስለ መስኮት አንድ ቃል የለበትም። በየወሩ የምከፍለው ለጣሪያው ብቻ ነው? ነርሷ ከደሞዟ ከፍላ ሁለት እግር አስቀበረች፤ ሄደች፤ የከፈለችበትን ጥቅም እሳቸው ወረሱት፤ አሁን የቀረውን ሁለት እግር እኔ አስቀብሬ እንዳወርሳቸው ይፈልጋሉ። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ ቤት በርና መስኮቱ ሰብሮ መግባትን እንዲቋቋም በሕንፃ ደንቧ አስገደደች፤ በኋላ ሲጠና በእነዚያ አዳዲስ ቤቶች ስርቆቱ በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ግዴታው የወደቀው በሠሪው ላይ ነው። በእኛ ከተሞች የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ፕላኑ ላይ ስንት መስኮት እንዳለ ይቆጥራል፤ በምን እንደቆመም ይጠይቅ!

«መስኮቱን ዝጊና ተኚ» የሚሉኝም አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። መርሳ ደጋ አይደለችም። በግንቦት ቆርቆሮ ሥር መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ወባም አለ፤ ለዚህ ነው ወንፊቱ ያስፈለገው። ነፋስ እንዲገባ፣ ትንኝ እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይገባ፤ ሦስቱንም አንድ መስኮት ሊያደርግ ይችላል፤ ተደርጎ ይሠራል። ሌባው እንደልቡ እንዲዞር እኔ በሙቀት ልቀቀል?

ግን ለእናንተም፣ ብረታችሁን ላጠበቃችሁት፣ የምለው አለኝ። ከእነዚህ ሙከራዎች በኋላ በንዴት መስኮቶቹን ሁሉ በብየዳ የደፈነ ጎረቤት አለኝ። በአራቱም ማዕዘን ተበይዷል፤ ከውስጥ የሚከፈት አንድም የለም። አራት ልጆች እዚያ ውስጥ ይተኛሉ። ኬንያ ውስጥ፣ ማቻኮስ፣ ኪያንጉሊ በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2001 የማደሪያው ክፍል ሌሊት በእሳት ተያያዘ። ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፏል፤ መስኮቶቹ ሁሉ በብረት ተዘግተዋል። 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። ያን ብረት ያስገጠመ ሰው ልጆቹን ከክፉ ሊጠብቅ ነው ያስገጠመው። እኛ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ የምናበራ፣ ከሰል ወደ ቤት የምናስገባ ሰዎች ነን። ስለዚህ በየመኝታ ቤቱ ቢያንስ አንዱ ብረት እንደ በር በማጠፊያ ይከፈት፤ ጓጉንቸሩ በውስጥ በኩል ይሁን፤ ቁልፉ ከመስኮቱ እጅ በማይደርስበት፣ ልጅ ግን በጨለማ ዳስሳ በምታገኘው ቦታ ይሰቀል። ይህን የማይሠራ በያጅ ገንዘቤን አይነካም።

የቀሩትን ሁለት እግሮች በራሴ ገንዘብ አስቀበርኩ። ከቤት ኪራዩ ላይ እንደምቀንስ ለአከራዬ በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ እስካሁን አልተስማማንም፤ አላቆምም። ብረቱ አሁን ከውስጥ ይከፈታል። መብራት አጥፍተን፣ ልጄ ቁልፉን ከግድግዳው አውርዳ፣ ከፍታ፣ ወደ ጓሮ ወርዳ አሳይታኛለች፤ አንዴ ሳይሆን አምስቴ።

ባለፈው ሳምንት ከኋላችን ያለው ቤት ተሞከረ። ባለቤቷ ባልቴት ናት፤ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬን አንኳኳች። ጎረቤት አልተሰበሰበም፣ ቡናም አልተፈላም። «ልጄ፣ መስኮቴን ነክተውታል» አለችኝ። ምን ተወሰደ አላልኳትም። አብረን ሄደን ምስማሩን አየን፣ ፎቶ አነሳን፣ በዙሪያችን ያሉትን ስድስት ቤቶች አንኳኳን። ከዚያም የተፈጸመውን በሁለት ቅጂ ጽፈን፣ አንቀጽ 27ን ከላይ አስቀምጠን፣ እሷ ምርኩዟን ይዛ፣ እኔ ምስማሩን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ያ እስክሪብቶ ወደ ወረደበት ጠረጴዛ አብረን ሄድን። የመዝገብ ቁጥር ካልተሰጠን አንነሳም ብለን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።